የወጀብን ዘር ለምትጠይቁኝ

አምና ጥምቀት ሊገባ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው የወንድሜ ልጅ ሙሉቀን ከኮሶዬ ወርዶ ጎንደር አውቶፓርኮ ሰፈር ካለችው ቤቴ መጣ። በአንድ እጁ የገብስ ቆሎ በፌስታል ይዟል፤ በሌላው ወረቀት። ቆሎውን በደስታ ተቀበልኩት፤ ወረቀቱን ግን ገና መነጽሬን ሳላደርግ ጠላሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ሰው ወረቀት ሲያቀርብልኝ ፊቱን አይቼ ምን እንደፈለገ አውቃለሁ። የፈረስ ውድድሩ አዘጋጆች አዲስ ነገር አምጥተዋል አለኝ፤ ከእንግዲህ ሜዳ የሚገባ ፈረስ ሁሉ ዘሩ ይመዘገባል። እናት፣ የእናት እናት፣ የእናት እናት እናት፣ ከሥር ደግሞ ለምስክር የተተወች አንዲት መስመር። ሙሉቀን ዳማ ባዝራውን፣ ሴቷን ፈረሱን፣ ሊያስመዘግብ ነው። ከእናቶቹ ረድፍ መጨረሻ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ «ወጀብ» ብሎ ጽፏል።

«አክስቴ፣ ወጀብን በዓይኑ ያየ ካንቺ ሌላ በሕይወት የቀረ የለም። እዚች ላይ ብቻ ፈርሚልኝ» አለ።

«ወጀብ ዘር የላትም» አልኩት።

«ምነው እንዲህ ትያለሽ? አባቴ ሊሞት ሲል የዳማዋ እናት የወጀብ ዘር ናት፣ አደራህን ብሎኛል'ኮ!»

ደሜ ፈላ። ሙሉቀን ላይ አይደለም፤ እሱ ምን ያውቃል? የሞተው ወንድሜ ላይ፣ አያ ተገኘ ላይ ነው የተናደድኩት። ለልጁ መሬት ሳይሆን ተረት አውርሶ መሄዱ አናደደኝ። ከሱ በፊት የሞተው አባቴ ላይም ተናደድኩ። እውነቱን ልናገር ካልኩ ደግሞ ከሁሉም በላይ የምናደደው አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ላይ ነው፤ ያቺ ልጅ አሁን አርጅታ ይህን ትጽፋለች። ሙሉቀንን ቁጭ በል አልኩት። ሊቀመጥ ያሰበው ለአምስት ደቂቃ ነበር፤ ፀሐይዋ ከደጃፌ እስክትዞር ድረስ አላስነሳሁትም።

ወጀብን ያልተረዳ የያን ጊዜውን ጎንደር አይረዳም፤ የያን ጊዜውን ጎንደር ያላየም ወጀብን አይረዳም። ከኮሶዬ ጎንደር ዛሬ በሚኒባስ እንቅልፍ ሳይወስዳችሁ ትደርሳላችሁ፤ ያኔ ግን ማለዳ ተነስተን በእግራችን ወርደን፣ ጫማችንን ከተማው መግቢያ ላይ ብቻ እናደርግ ነበር። ጫማ ለመንገድ አይደለም፤ ጫማ ለፒያሳ ነው። ፒያሳ ላይ ጣልያን ትቶት በሄደው ባለ በረንዳ ፎቅ ሥር ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን ደርድረው ይቀመጣሉ። የካኪ ተፈሪ ሱሪ የለበሰ ባላገር ሰደርያ ሊያስጠብብ ይቆማል፤ የቢሮ ሰው ደግሞ ጸጉሩን በብሪሊያንቲን ቅባት አስተኝቶ ጋዜጣ በብብቱ ይዞ ያልፋል። በስሙኒ ብዙ ነገር ይገዛ ነበር። እኔ በስሙኒ የገዛኋትን ቀይ የጸጉር ሪባን እስካሁን አስታውሳታለሁ፤ ትናንት ጠዋት መድኃኒቴን መዋጥ አለመዋጤን ግን አላስታውስም። አሁን በዚያው በረንዳ ሥር ባጃጅ ይንጫጫል፣ የስልክ ሽፋን ይሸጣል። አልከፋኝም፤ ሰው መኖር አለበት። የሚከፋኝ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ዘር ማንዘሯ ከጠፋ ከስንት ዘመን በኋላ ወረቀት አሳትሞ ዘሯን ፍለጋ የሚወጣው ሰው ነው።

የወጀብ እናት የመጣችው ከመተማ በኩል ነው። ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር የሚኖሩ ሐጂ ኑሩ የሚባሉ ነጋዴ ነበሩ፤ ጨርቅና ጨው ይዘው ሱዳን ድንበር ድረስ የሚመላለሱ፣ ሽቶአቸው ከሰውነታቸው ቀድሞ ቤት የሚገባ ሰው። የአባዬ ወዳጅ ናቸው። ፋሲካ ሲሆን ለእኛ ነጠላ ይልካሉ፤ ኢድ ሲሆን አባዬ ሙክት ይነዳላቸዋል፤ ራሳቸው እንዲያርዱት በቁሙ። አንድ ጊዜ ከመተማ ሲመለሱ እግረ ቀጭን፣ አንገተ ረጅም፣ ቆዳዋ ስስ የሆነ ባዝራ ይዘው መጡ። ከተማ ውስጥ ቆማ ልትከሳብኝ ነው፤ ደጋ ትውጣልኝ ብለው ለአባዬ ሰጡት። አባዬ ከራሱ ቦራ ፈረስ ጋር አገናኛት፤ ያ ፈረስ የእኛን ዳገት ደረቱን ገልብጦ የሚወጣ ነበር። ከእናቷ እግር፣ ከአባቷ ሳንባ ወስዳ ወጀብ ተወለደች። ስሟን ያወጣው አያ ተገኘ ነው፤ ከዝናብ በፊት ከገደሉ ሥር ተነስቶ ሣሩን ሁሉ እንደሚያስተኛው ነፋስ ነበረችና።

አሁን የአገሬን አንድ ልማድ ልናገር፤ ንዴቴ ከሱ ነው የሚጀምረው። በእኛ አገር ወንድ የሆነ ሰው ባዝራ አይቀመጥም። ባዝራ የተቀመጠ ጎልማሳ ገበያ ቢገባ ሴቶቹ እንኳ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ይስቁበታል። ባዝራ የምትፈለገው ለማህፀኗ ነው፤ ያውም ፈረስ እንድትወልድ አይደለም፤ ላልተቀጠቀጠ ድንጉላ አህያ ተሰጥታ በቅሎ እንድትወልድ ነው። በቅሎ ገደል አይስትም፣ ጭነት አይመርጥም፣ ጌታና ቄስ ይቀመጠዋል፣ ዋጋውም ከፈረስ እጥፍ ድርብ ነው። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት አጎቴ ፈረስ ነው አለች ይላሉ፤ ሰዉም ይስቃል። ስለ አባቷ ብቻ ነው የሚጠይቋት፤ ልጅሽስ የት አለ ብሎ የጠየቃት የለም። በቅሎ አትወልድም። ከዘሩ ሁሉ ምርጧን ባዝራ መርጠን፣ ምርጥ ስለሆነች፣ ዘሯን እንዘጋለን። ይህን ያደረግነው ሞኝ ሆነን እንዳይመስላችሁ፤ ብልጥ ነን ብለን ነው።

አያ ተገኘ ወጀብን ለመጀመሪያ ጊዜ ጥምቀት ላይ ያሮጣት በችግር ነው። ሰንጋ ፈረሱ ዋዜማውን አነከሰ። ወጣቱ ሁሉ ሜዳ ሲገባ እሱ ሊቀር? ወጀብን እስከ ጉልበቷ የሚወርድ ግላስ፣ የፈረስ ልብስ፣ አልብሶ፣ ፊቱን ወደ ማንም ሳያዞር ከሰልፉ ጫፍ ቆመ። እኔ ከሐጂ ኑሩ ሚስት ጎን ግንብ ላይ ተንጠልጥዬ አይ ነበር። ሽምጥ ሲለቋቸው አቧራው ሁሉንም ዋጣቸው፤ ከአቧራው የወጣችው አንድ ወጀብ ብቻ ነበረች። ሰዉ አበደ። ግላሱ ሲነሳና ባዝራ መሆኗ ሲታይ ግን የተሸነፉት ጎረምሶች ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «የኛ ፈረሶች ድንጉላ ናቸው፣ ሽታዋን ተከትለው እንጂ መቅደም ተስኗቸው አይደለም!» አሉ። እግዜር ያሳያችሁ፤ ሰው መሸነፉን ላለማመን ፈረሱን በዝሙት ይከሳል።

ሐጂ ኑሩ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «በሉ እንግዲያው በሚመጣው ዓመት ከሰንጋዎች ጋር ትሩጥ፤ የተቀጠቀጠ ፈረስ ሽታ ምን ያደርግለታል?» አሉ። በዓመቱ ከሰንጋዎች ጋር ሮጠች፤ ቀደመች። እነዚያው ሰዎች አሁን ደግሞ ስትነሳ ሰርቃ ነው የምትነሳው አሉ። ትክል ድንጋይ ገበያ ሜዳ ላይ በሦስተኛው ውድድር አያ ተገኘ ተናደደና ከሁሉም ኋላ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ አቆማት። ከኋላ ተነስታ አንድ በአንድ ለቀመቻቸው። የመጨረሻውን ጉራቻ ፈረስ ስታልፍ ጋላቢው ዞሮ ሲያያት አፉ ተከፍቶ እንደነበር እስከዛሬ ይታየኛል። ከዚያ በኋላ ሰበብ አለቀ፤ ዘፈን ተጀመረ፦

ድንጉላው በሙሉ ቀረ ከኋላዋ፣
አቧራ ነው እንጂ መች ታየ ጭራዋ።

በዚያው ዓመት እኔ ታጨሁ። ያጨኝ ቤት ጎንደር ከተማ ትልቅ ቤት ነው፤ ሙሽራ ደግሞ በበቅሎ ነው የምትሄደው። አባዬ በቅሎ አልነበረውም። ተውሶ ይድረኝ? «የካሳ ልጅ በሰው በቅሎ ተዳረች» ከሚባል ሞቱን ይመርጣል። አንድ ቀን ከአውድማ ሲመለስ እናቴን፣ «ወጀብን ለድንጉላ አህያ እሰጣታለሁ። ልጅቱ ገና ናት፤ በቅሎዋና ልጅቱ እኩል ይደርሳሉ» አላት። እኩል ይደርሳሉ! ይህን ሲል ሰማሁት። አልተቆጣሁም። ደስ አለኝ። ቃጭል ያላት፣ ሉል ያሰረች በቅሎ ላይ ተቀምጬ ፒያሳን ሳቋርጥ ታየኝ።

ሐጂ ኑሩ ሲሰሙ ያን ዳገት ሁሉ ወጥተው መጡ። አንዳንዴ እግዜር ቀልድ ይወዳል፤ የመጡት በበቅሎ ነው። ገና ሳይወርዱ፣ «ካሳ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ይቺን ለአህያ እንዳትሰጥ!» አሉ።

አባዬ በቅሎዋን ከእግር እስከ ራሷ አየና፣ «ሐጂ፣ በበቅሎ ተቀምጠው ነው ይህን የሚሉኝ?» አላቸው።

«እሱ ነው ጥፋቴ። ይቺ በቅሎ እናት ነበራት፤ ልጅ ግን አይኖራትም። የኔን ፈረስ ላምጣልህ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከፈረስ ትውለድ፣ አንዲት ሴት ውርንጭላ ትታይ፣ ከዚያ ወዲያ እንዳሻህ።»

«የልጄ ሰርግ ይለፍ ሐጂ። ከዚያ እርስዎ እንዳሉት ይሆናል።»

ሐጂ ኑሩ ወደኔ ዞሩ። ምናልባት እምቢ ትላለች ብለው ይሆናል። እኔ ግን የበቅሏቸውን ልጓም ጌጥ እያየሁ ነበር።

የሆነውን ለሙሉቀን እንደነገርኩት ለናንተም ሳልሸፍን ልንገራችሁ። ድንጉላ አህያው ከዳባት በኩል መጣ። ከባዝራ ጡት ጠብቶ ስላደገ ራሱን ፈረስ የሚመስለው አህያ ነው፤ እንዲህ ካላሳደጉት ባዝራ አይቀርብም። እንዲደርስባት ብለው ከአውድማው ሥር ጉድጓድ ቆፈሩና የኋላ እግሮቿን እዚያ ውስጥ አወረዷቸው። ወጀብ ግን ድንጉሎችን ሁሉ ቀድማ የኖረች ናት፤ አህያውን ገና ስታየው ገመዱን በጠሰች፣ ባለ አህያውን ደረቱን ብላ ጣለችው። ሁለት ጊዜ ሞከሩ። አያ ተገኘ ከዳገቱ ላይ ቆሞ ያያል። በመጨረሻ አባዬ ጠራኝ። «ካንቺ በቀር አታምንም። ዓይኗን ሸፍኚና ያዥያት» አለኝ። ሐጂ ለፋሲካ የላኩልኝን ነጠላ ከትከሻዬ አውርጄ ዓይኗን ጠቅልዬ ያዝኩ። በጆሮዋ «አይዞሽ» አልኳት። ድምፄን ስትሰማ ቆመች። ቀጥ ብላ ቆመች፤ ቆዳዋ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔን አምና ነው የቆመችው። ነጠላውን ስፈታ አያ ተገኘ ከዳገቱ ላይ አልነበረም፤ በሳምንቱ ሰሊጥ አጨዳ ብሎ ሁመራ ወረደ፤ ዓመት ሙሉ ለአባዬ ሰላምታ እንኳ አልላከም።

የመጀመሪያው ወንድ በቅሎ ሆነ፤ ለሙሽራ አይሆንም ተባለና ተሸጠ። ድጋሚ ሰጧት፤ ሴት በቅሎ ወለደች። ሰርጌ በሷ ሆነ። ሰርጉ ካለፈ በኋላ ያቺን በቅሎ ያየ ሁሉ እንደሷ ያለች አስወልድልን እያለ አባዬን ሲለምን፣ ሦስተኛም አራተኛም መጣ። ሐጂ ኑሩ በየዓመቱ «ሰርጉ አላለፈም ወይ?» እያሉ ይልካሉ፤ አባዬ «የዘንድሮው ብቻ» እያለ ይመልሳል። አባዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ያለ ሰው ነበር። በመጨረሻ እሺ አለ። የሐጂ ፈረስ ተጭኖ ሊመጣ ቀን ተቆርጦለት ነበር። የፈረስ በሽታ የገባው በዚያ ክረምት መውጫ ነው። ወጀብ መስከረም ላይ በሁለት ቀን ውስጥ አረፋ እየደፈቀች ሞተች። ትክል ድንጋይ ላይ አንድ በአንድ ስትለቅም ያየነው ሳንባ ነው አየር ያጣው። አራት በቅሎ ትታ ሄደች፤ አራቱም ጭነት ተሸክመው አለቁ። ይኸው ነው ዘሯ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏታል እንዲህ ያለችዋን፤ እኔ ነኝ እሷ።

 ቆሎ የዘገነበት የሙሉቀን እጅ እንደተጨበጠ ቀረ። «ታዲያ አባቴ ዋሸኝ ማለት ነው?» አለ።

«ዋሸህ። ስለሚወዳት ነው የዋሸህ፤ ቢሆንም ዋሽቶሃል።»

«በቅሎዋስ? ያንቺዋ... ሸጋ ነበረች?»

ከጠየቀኝ ሁሉ ይህ ነው ያቃጠለኝ። «ሸጋ ነበረች» አልኩት። እንደሷ ያለች በቅሎ ጎንደር አላየም። ስትረግጥ በጀርባዋ ያለ ውኃ እንኳ አታፈስም ነበር። በዚያን ቀን ፒያሳ ላይ ሰው ሥራውን ትቶ ሲያየን ከዕድሜዬ ሁሉ እንዳሁኑ ደስ ብሎኝ አያውቅም ብዬ ነበር። ያ ደስታ ውሸት ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። እውነተኛ ደስታ ነበር፤ የተከፈለበትን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ሙሉቀን ወረቀቱን አጠፈና ተነሳ። አልተቆጣም፤ የደጋ ሰው ነው፣ ንዴቱን በጋቢው ሥር ይዞ ነው የሚሄደው። «እንግዲህ እውነቱ ይህ ከሆነ ይሁን። እኔም አልደከም፤ ከጥምቀት ወዲያ ለደባርቁ ድንጉላ እሰጣታለሁ» አለ።

«የማን ድንጉላ?»

«የአህያ ነዋ። ተራራ ለሚወጡ እንግዶች በቅሎ ዛሬ የሚያወጣውን ብትሰሚ! ወረቀት ያላት ባዝራ ብትሆን ባለ ፈረሶቹ ደጄ ድረስ ይመጡላት ነበር። የወጀብ ዘር ብትሆንማ ማን ለአህያ ይሰጣታል? ዘሯ ያልታወቀ ባዝራ ግን ለበቅሎ ነው እንጂ ለምን ትሆናለች?»

አንድ ጊዜ በሩ ላይ ቆሞ አየሁት። አባዬን መሰለኝ፤ በትከሻው፣ በአነጋገሩ፣ ትክክል ነኝ ብሎ በማመኑ። አፌ ውስጥ የነበረው ስድብ ሁሉ ደረቀ። ሦስት ትውልድ አለፈ፤ ንጉሥ ወረደ፣ መንግሥት ተቀያየረ፣ ፒያሳ ላይ ፎቅ ተሠራ። ያ ጉድጓድ ግን ዛሬም ይቆፈራል።

«ወረቀቱን አምጣ» አልኩት።

«አክስቴ፣ አሁን ውሸት ነው አልሽኝ'ኮ።»

«ወረቀቱን አምጣ አልኩህ!»

በፈተና ላይ ከጎረቤቱ የቀዳ ልጅ ስይዝ ወረቀቱን ፊቱ ላይ የምቀድ አስተማሪ ነበርኩ። አንድም ቀን ለማንም ያልሆነ ማርክ ሰጥቼ አላውቅም። በምስክር መስመር ላይ ስሜን ከነአባቴ ስም፣ ካሳን ጨምሬ፣ ጉልህ አድርጌ ጻፍኩ። አልበቃኝም፤ ከጎኑ «ወጀብን በእጄ ይዣታለሁ» ብዬ ጨመርኩ። ይቺ እንኳ እውነት ናት። ከዚያ ወረቀቱን ሳልለቅ፣ «ሙሉቀን፣ ይቺን ባዝራ ለአህያ የሰጠሃት ቀን ቀብሬ ላይ እንዳትቆም» አልኩት። እሺ አለ። አላመንኩትም፤ በአባቱ ስም አስማልኩት።

ባዝራዋ ሜዳ ገባች፤ አላሸነፈችም፣ አራተኛ ወጣች። ያም ሆኖ በድምፅ ማጉያው «የወጀብ ዘር!» ተብሎ ሲጠራላት አንድ ከጠዳ የመጣ ባለ ፈረስ ደም ሥሩ ተነሳ። ሳምንት ሳይሞላ ጉራቻ ድንጉላውን እየሳበ ኮሶዬ ድረስ ወጣ። ለማኙ እሱ ነበር፤ ሙሉቀን አልለመነም፣ ጉድጓድም አልተቆፈረም፣ ዓይኗንም ማንም አልሸፈነም።

ዘንድሮ ዳገቱን በመኪና ወጥቼ ዳማዋ የወለደችውን አየሁ። አሁን ስልክ የያዘ ሁሉ ደጄን እያንኳኳ የወጀብን ታሪክ ንገሪን፣ ዘሯ በማን በኩል መጣ ይለኛል። ይኸው ነገርኳችሁ። ፊርማው የኔ ነው፣ ውሸቱም የኔ ነው። ወረቀቱን ቅደዱት፣ ስሜን ከመዝገብ ሰርዙት፣ ያቺ አሮጊት ውሸታም ናት በሉ፤ እንዳሻችሁ። ውርንጭላዋ ግን ሴት ናት፤ ፈረስ ናት።